መርዶ ነጋሪው ጅብና በር ጠባቂዋ አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከጅብ አፍ ለመዳን ተስማምተው በአንድ አጥር ውስጥ በሚኖሩበት ዘመን፣ ከወንዝ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ትልቅ ግቢ ነበር። አጥሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ የግራር እሾህ ሲሆን፣ በሩ አንድ ብቻ ነበር። የግቢው ሹም በሬ ነው። በሩን የምትጠብቀው ደግሞ እመት አህያ ነበረች፤ ጡት ያልጣለ ውርንጭላዋም ከጎኗ አይለይም።

አመሻሽ ላይ ከግጦሽ የሚመለስ ሁሉ በሩ ጋ ሲደርስ የምስጢር ቃል ይናገራል። ቃሉ «ለምለም» ነበር፤ ግቢው ከተመሠረተ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። እንስሳቱ በምስጢራቸው እጅግ ከመኩራታቸው የተነሳ ገና ከሩቅ «ለምለም፣ ለምለም» እያሉ በሙሉ ድምፃቸው ይጮኹ ነበር። ምስጢሩን ያልሰማ ካለ ያው ደንቆሮ መሆን አለበት።

አያ ጅቦ ግን አልሰማም ነበር፤ ሐሳቡ ሁሉ ሆዱ ላይ ነዋ። አጥሩን በጉልበቱ ሊጥስ ሞክሮ ሞክሮ አፍንጫው በእሾህ ተወጋግቶ ነበር። ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ እሾሁን ሲነቅል እመት ቀበሮ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ከአጥር ጋር ምን አጣላዎት?» አለችው። «አጥር አይሰማ፣ አይለመን። በሩን የምትከፍተውን አያነጋግሩም?»

«ምን ብዬ?»

«እነሱ የሚሉትን ብለው። ለመሆኑ ጆሮዎን ለምን ፈጠረልዎት?»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ መንጋው አቧራ እያስነሳ ሲገባ፣ አያ ጅቦ ከኋላ ተደባልቆ «ለምለም» አለ። እመት አህያ ቃሉን እንጂ ተናጋሪውን አላየችም፤ ቃሉን ያወቀ የቤት ሰው ነው ብላ አሳለፈችው። አያ ጅቦም የበግን ግልገል አንቆ በመጣበት ወጣ።

የዚያን ሌሊት የበግ ጩኸት ማንንም አላስተኛም። ሲነጋ እንስሳቱ ተሰበሰቡ። በሬው ቀንዱን ወደ እመት አህያ አዙሮ፣ «ከእንግዲህ አንድ ነፍስ ብትጠፋ፣ ውርንጭላሽን ይዘሽ ከአጥር ውጪ ትኖሪያለሽ» አላት። ከአጥር ውጪ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እመት አህያ ውርንጭላዋን ወደ ጎኗ አስጠጋችው።

«አያ በሬ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ልማር» አለች። «የኔታ ሽመላ በሐይቁ ዳር የየአገሩን በር ጠባቂ ሰብስበው ያስተምራሉ አሉ።»

«በር መክፈትና መዝጋት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?»

«መክፈትና መዝጋቱንማ እችላለሁ። ለማን እንደምከፍት ነው ያላወቅሁት።»

በሬው ፈቀደላት። እስክትመለስ በሩን ራሱ ሊጠብቅ ቆመ፤ እሷም ውርንጭላዋን አስከትላ ሄደች።

የኔታ ሽመላ ባሕር እየተሻገሩ ስንቱን አገር ያዩ ናቸው። በሐይቁ ዳር ከብርድ አገር የመጣች ዝይ፣ ከአሸዋ አገር የመጣ ግመልና ከጫካ የመጣች ጦጣ ተቀምጠዋል። የኔታ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ «በሉ፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። ሌባ እናንተ ጋ በምን መጣ?» አሉ።

ዝይዋ ጀመረች። «እኛ ጋ ተኩላ በር ላይ ቆሞ ‹ጎርፍ መጣባችሁ፣ ቶሎ ውጡ› አለ። ወጣን። ጎርፍ አልነበረም፤ ተኩላ ግን ነበር።»

«እኛ ጋ ደግሞ ሌባው ‹አንበሳ ልኮኛል፣ ብታዘገዩኝ ይቆጣችኋል› አለ» አለ ግመሉ። «የአንበሳ ስም ሲጠራ ማን ይጠይቃል?»

ጦጣዋ አንገቷን ደፋች። «እኛስ ማንም አላስገደደንም። በር ላይ የሙዝ ዘለላ ወድቆ አገኘንና ደስ ብሎን አስገባነው። ለካ ዘለላው ውስጥ እባብ ነበር።»

«እነዚህን ሁሉ ምን አንድ ያደርጋቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ የኔታ።

እመት አህያ ለመመለስ አትቸኩልም፤ አስባ አስባ፣ «አጥሩን የነካ የለም» አለች። «ሁሉም በጠባቂው ልብ በኩል ነው የገቡት። አንዱ በፍርሃቱ፣ አንዱ በአክብሮቱ፣ አንዱ በምኞቱ። ደግሞ እንዳያስብ ያጣድፉታል።»

«ጎሽ። አሁን የቤትሽን ንገሪኝ። እናንተ ጋ ማንም የማይጠይቀው ነገር ምንድን ነው?»

የእመት አህያ ጆሮዎች ቁልቁል ወረዱ። በእነሱ ግቢ እያለቀሰ የመጣ ሐዘንተኛ ማንነቱ አይጠየቅም፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ሟቹ ማን ነው ብሎ በር ላይ ማቆም ትልቅ ነውር ነው።

«ለቅሶ» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በወሬ ብቻ አልነበረም። አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጠባቂ እየሆኑ ተለማመዱ። እመት አህያ መጀመሪያ ላይ ግመሉ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት አዝና ከፈተችለት፤ ሁሉም ሳቁባት። እሷም ሳቀችና እንደገና ሞከረች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጦጣዋ እንኳ ልታታልላት አልቻለችም።

ግቢ እንደገባች ሥራዋን ጀመረች። የምስጢሩ ቃል በየጊዜው እንዲቀየርና በጆሮ ብቻ እንዲነገር አደረገች። በሩ ላይ ሁለት መወርወሪያ ተገጠመ፤ አንዱን እሷ፣ ሌላውን በሬው ካላነሱት በሩ አይከፈትም። እስከዚህ ሁሉም ተስማማ። ስለ ለቅሶ ስታነሳ ግን ግቢው ታመሰ።

«ሐዘንተኛ በር ላይ ማቆም?» አለ በሬው። «እንዲህ ያለ ነውር ከየት አመጣሽ?»

«ብቻውን አናቆመውም። እሱ ከውጭ፣ እኛ ከውስጥ ሆነን አብረን እናለቅሳለን። ስለ ሟቹ ይነግረናል፣ እኛም ሙሾ እናወርድለታለን። እስከዚያ ርግብ በርራ ከሟቹ ቤት አይታ ትመለሳለች። እውነት ከሆነ በሩን ከፍተን እግሩ ላይ ወድቀን ይቅርታ እንጠይቀዋለን።»

በግ ከጥግ ተነሳች። ልጇ ከተበላ ወዲህ ብዙ አትናገርም ነበር።

«ሙሾውን እኔ አወርዳለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ተለማመዱትም። አውራ ዶሮ ሐዘንተኛ ሆኖ መጣ፤ ሲያለቅስ «ኩኩሉ» እያለ አላስቻለውም እንጂ ጥሩ ሞክሮ ነበር።

እመት ቀበሮ ግን ከቁጥቋጦው ሥር አልጠፋችም። የምስጢሩ ቃል መቀየሩን ስታውቅ ሌላ መላ ዘየደች። አያ ጅቦን አመድ ላይ አንከባለለችው፣ የኮባ ቅጠል አከናነበችው። «የማዶው ጎረቤት ነኝ ይበሉ። የፍየል አጎት አያ ሙክት ሞቱ ብለው ያልቅሱ። ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ» አለችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ ዋይታ ተሰማ። «ወይኔ፣ ወይኔ አያ ሙክት! የማዶው ጎረቤት ነኝ፤ መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት። ምስኪኗ ፍየል ከሌላ ሳትሰማ ልንገራት፣ ቶሎ ክፈቱ!»

ፍየል የአጎቷን መርዶ ስትሰማ መሬት ላይ ተዘረረች። «ክፈቱላቸው፣ ስለ እናታችሁ ክፈቱላቸው» እያለች ተንፈራገጠች። በሬውም ልቡ ተነክቶ ብድግ አለና መወርወሪያውን ያዘ።

«ክፈቺ» አላት እመት አህያን። «ይህ ልምምድ አይደለም። እውነተኛ ለቅሶ ነው።»

እመት አህያ ዋይታውን አዳመጠች። መርዶው እውነት ከሆነ ዕድሜ ልኳን ማፈሯ ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ ውርንጭላዋ አጠገቧ ቆሟል። የየኔታን ጥያቄ አስታወሰችና እግሮቿን መሬት ላይ ተከለች።

«አያ በሬ፣ እውነት ከሆነ እኔው አፍራለሁ። ያልነውን እናድርግ» አለች። ርግብም በዚያው ቅጽበት ተነስታ ወደ ማዶ በረረች።

በሬው መወርወሪያውን ለቀቀው።

በግ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች። ድምጿ ከልብ የሚወጣ ነበርና ግቢው ሁሉ እንባ አቀረረ። «እናልቅስላቸው፤ አያ ሙክት እንዴት ያሉ ነበሩ?» አለች።

«ወፍራም ነበሩ!» አለ አያ ጅቦ።

ከኮባው ሥር የተደበቀችው እመት ቀበሮ «ደግ ነበሩ ይበሉ» ብላ ሹክ አለችው። «ደግ ነበሩ፣ ደግ ነበሩ» ብሎ አረመ። «ደግነታቸው በተለይ ታፋቸው ላይ ነበር።»

ፍየል ለቅሶዋን አቁማ ቀና አለች።

«ለዘመድስ ምን ትተው ሞቱ?» አለች በግ።

«ምንም አልተዉ። አጥንታቸው እንኳ ተቆርጥሞ...» ሲል እመት ቀበሮ እግሩን ረገጠችው። ነገሩ እንደተበላሸ ገብቷት ያለ ስንብት ጫካ ገባች። አያ ጅቦ ግን ምራቁ በአመዱ ላይ እየተንጠባጠበ ማልቀሱን ቀጠለ።

ያኔ ርግብ ተመልሳ አጥሩ ላይ አረፈች። «አያ ሙክት ደህና ናቸው» አለች። «ሲያመነዥኩ ነው ያገኘኋቸው። ‹የሞትኩት መቼ ነው? ለኔም ይነገረኝ እንጂ› ብለዋችኋል።»

ፍየል በእንባዋ መሃል ሳቀች። በሬውና እመት አህያ ተያዩና፣ ያን ጊዜ ሁለቱንም መወርወሪያ ባንድ ላይ አነሱ። በሩ ሲከፈት አያ ጅቦ ደስ ብሎት ሊገባ አንገቱን አሰገገ። የጠበቀው ግን የበሬ ቀንድ ነበር። ኮባውን ጥሎ፣ አመዱን እያራገፈ፣ ወንዙ ድረስ ተሳደደ፤ ውኃው ውስጥ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ግቢውን በእልልታ ሞላው።

በግ ከድንጋዩ ላይ ወረደች። «እውነተኛ ሐዘንተኛ ለመግባት አይቸኩልም። እኔ አውቀዋለሁ» አለች። የልጇ ሐዘን አልለቀቃትም፤ ያን ምሽት ግን የሌሎቹ ልጆች ሁሉ በየእናታቸው ሥር ነበሩ፣ እሷም እየዞረች አንድ በአንድ አሸተተቻቸው።

በሬው ወደ እመት አህያ ቀረበና ቀንዱን ዝቅ አደረገ። «የኔታ የሚቀጥለውን ትምህርት መቼ ነው የሚሰጡት?» አላት።

«ወፎች ባሕር ተሻግረው ሲመለሱ። ምነው?»

«እኔም እመጣለሁ። ጅቡም ቢሆን እየተማረ ነው።»

ከዚህ የምንማረው በራችን የእንጨትም ይሁን የኮምፒውተር፣ ሌባ ከአገር አገር አዲስ ዘዴ እየተማረ ሲመጣ፣ ጠባቂም ከዓለም ዙሪያ እየተማረ፣ የተማረውን እየተለማመደ፣ ሲያጣድፉት ቆም ብሎ ማጣራትን ነውር ሳይል መኖር እንዳለበት ነው።