ጭራቁ የሚሸሸው ጀግና

አቶ ማናህሎት የሚባሉ ባለሀብት ስለ ደም መጣጭ ጭራቅ የሚተርክ አንድ የጥንት ልቦለድ በአንዲት ደራሲ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ አስለውጠው፣ ጭራቁ የሚሸሸውን ጀግና እኔው እጫወታለሁ አሉ። በመጽሐፉ ጭራቁን የሚያባርረው ነጭ ሽንኩርት ነው። እዚህ አገር ግን ወጥ የበላ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት በልቷልና፣ ደራሲዋ ጭራቁ በረሃብ እንዳይሞትባት ይህን ሰረዘችው።

አቶ ማናህሎት በተዋናዮቹ ሁሉ ፊት አፈጠጡባት። "ታዲያ የሌላውን ሁሉ ደም ሲመጥ ከርሞ የኔን ገና ሲቀምስ ለምን ይሸሻል? ተመልካች የሚያምነው ምክንያት አሁኑኑ አምጪ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!"

ደራሲዋ ብዙም አላሰበችም።

"ቀላል ነው ጋሼ፤ ደመ መራራ ነዎት እንላለን። ይህን ተመልካቹ ገና ብቅ ሲሉ ያምናል።"