«እማማ አስካለ አሉ?»

አንዲት ሴት በጠዋት ከግቢዋ በር ወጥታ ትሮጣለች። ሰው ልትጠራ ነው። ማንን እንደምትጠራ ግን አታውቅም። እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እግር ይሄዳል፣ ልብ የለም።

ከየት እንደ ተነሣች ልንገራችሁ። ይህች ልጅ ፍሬሕይወት ትባላለች። ያሳደጓት አያቷ ናቸው፣ እማማ አስካለ። የራሳቸውን ልጆች ለወግ ለማዕረግ አብቅተው ሲያበቁ፣ እሷን ደግሞ ከአራስነቷ ጀምረው አሳደጉ። ሠፈሩም የእሳቸው ቤት ነበር። ሰው ሲታመም አስታማሚ፣ ሲጣላ አስታራቂ እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሴት ስትሞት የሚገንዙት እሳቸው ነበሩ። ያጥባሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ይከፍናሉ። ለዚህ ሥራ ሰው እንደማይሻማ ታውቃላችሁ። ለሠርግ ቢሆን ሁላችንም ሚዜ ነን።

ስለዚህ ያ የግቢ በር ይንኳኳል። ገና ሳይነጋ ይንኳኳል፣ ምሳ ሲቀርብ ይንኳኳል። የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለው፦ «እማማ አስካለ አሉ?»

እሳቸውም ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ አንሥተው ይወጣሉ። ሲመለሱ ደጅ ላይ ቆመው እጃቸውን በሎሚ ይታጠባሉ። ትንሿ ፍሬሕይወት ግን በዚያ ቀን ከዚያ እጅ መጉረስ አትወድም ነበር። አንድ ጊዜ፣ አይፈሩም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሬሳ ምን ያደርጋል ልጄ» አሏት። «የሚያስፈራው ሰው ያጣ ሬሳ ነው።»

ልጅ ናት፣ አልገባትም። ካደገች በኋላም አልገባትም። አብረሻቸው ሂጂ ስትባል ሥራ አለብኝ ትላለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት እማማ አስካለ ከመኝታቸው ሳይነሡ ቀሩ። ሕመም የለ፣ ጣር የለ፤ እንደ ተኙ ሄዱ። ፍሬሕይወት ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ገብተው አዩ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ልቅሶ ቤት በገቡ ቁጥር እንደሚሉት፣ ሰውነታቸው ሳይደርቅ ገናዥ ጥሩ አሉ። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ፍሬሕይወት ነበረች። ነጠላዋን ይዛ ወጣች።

ማንን ጥሪ ማለታቸው ነበር? እሷስ ማንን ልትጠራ ወጣች? አቶ ደምሰው በኋላ ሲጠየቁ፣ አፌ ለምዶት ነው እንጂ እኔም አላውቅም ነው ያሉት።

ፍሬሕይወት በወፍጮ ቤቱ በኩል ወረደች። ያገኛት ሰው ምነው ሲላት፣ ገናዥ ልጠራ ነው ትላለች። ማንን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሠፈሩ ያለው አንድ ገናዥ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ቶሎ በይ ብቻ አሏት። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰች። ዞረች። መጨረሻ ላይ አንድ በር አገኘችና በጠጠር መታችው፣ እንግዳ ሰው እንደሚመታው።

«እማማ አስካለ አሉ?» አለች።

የከፈተችላት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት። ከጀርባዋ ድንኳን እየተተከለ ነው። ፍሬሕይወት ድንኳኑን አየች፣ በሩን አየች። የራሷ በር ነው። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

አትሳቁባት። የተቸገረ ሁሉ የሚሮጥበት በር ያው ነበር፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን የተቸገረች ሰው ናት።

ገብታ አያቷን ይረዱ የነበሩትን ሴቶች ጠየቀች። እናንተ አብራችሁ ትሄዱ የለ፣ ማን ያውቃል አለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እኔ ውኃ ብቻ ነው የማቀብለው አለች። ሁለተኛዋ እኔ ጥጥ ነው የማዘጋጀው አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ደግፌ ከመያዝ በቀር እጄን አላስገባሁም አለች። ፍሬሕይወት ተናደደች። የተናደደችው በማን እንደሆነ ልንገራችሁ? በአያቷ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ሳያስተምሩ! ሠፈሩን ሁሉ ገንዘው እሳቸው ሰው አጥተው ሊቀሩ ነው?

ሰው ያጣ ሬሳ። ያ ቃል ያን ጊዜ መጣባት፣ ደነገጠችም።

«እሺ፣ ውኃውን አቀብዪኝ» አለች።

ምን እንደምታደርግ አታውቅም እኮ! ውኃ የምታቀብለዋ ግን ከራስ እንደሚጀመር ታውቅ ነበር። የጥጧ ሴት ጥጡ የት የት እንደሚገባ ታውቃለች። ደግፋ የምትይዘዋ እንዴት እንደሚገላበጥ ታውቃለች። አውራ ጣቶቻቸውን በክር ለማሰር ሦስቱም ተረባረቡ። ለካ ሥራው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፣ በየሰው እጅ ተከፋፍሎ። እማማ አስካለ ሆን ብለው አስተምረዋቸው ነው፣ ወይስ እንዲሁ ሆኖ ነው? እኔ አላውቅም። ፍሬሕይወትም እስከ ዛሬ አታውቅም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። እማማ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብለው በሟቿ ጆሮ የሚሉት ነገር ነበር አለች ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ምን እንደሆነ ግን ሰምታ አታውቅም። አንዷ ጸሎት ነው አለች፣ ሌላዋ የለም ስንብት ነው አለች። ከዚያ ሁሉም ፍሬሕይወትን አዩአት። እሷስ ከየት ታምጣ? አንድም ቀን አልሄደችም። የምታውቀው፣ በልጅነቷ ሳፋ ውስጥ አቁመው ሲያጥቧት፣ ሳሙናው ዓይኗን ሲያቃጥላት የሚሏትን ብቻ ነው። ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለችም። አያቷን አንቺ ብላ ጠርታም አታውቅም። ጎንበስ አለችና ቃሉን ሳትለውጥ፣ እንዳለ አለችው።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ አለቀ። ጸዳሽ።»

ወገኖቼ፣ እናንተም በየቤታችሁ አንዲት እማማ አስካለ ነበሩላችሁ። ከእናንተ መካከል ዛሬም ያሉላችሁ አላችሁ። ሲሞቱ ታለቅሳላችሁ፣ ፎቷቸውን አስተልቃችሁ ግድግዳ ላይ ትሰቅላላችሁ። መልካም ነው፣ ስቀሉ። የታመመ ጠያቂ ሲያጣ፣ የተጣላ አስታራቂ ሲያጣ ግን ምን ትላላችሁ? እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ ውኃ ብቻ ነበር የማቀብለው ትላላችሁ። ይህን ያህል ዘመን ውኃ ስታቀብሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነበር? እስክታውቁ ብትጠብቁ፣ ሬሳው ሰው አጥቶ ያድራል። ፍሬሕይወት አላወቀችም። ግራ እንደ ገባት ነው እጇን የዘረጋችው፣ ያውም የምትሸሸው ሥራ ላይ።

ያ በር ዛሬም ይንኳኳል። መሞታቸውን ያልሰማ ሰው ከሩቅ ይመጣና ያንኑ ይጠይቃል፦ «እማማ አስካለ አሉ?» ፍሬሕይወት በሩን ትከፍታለች። የሉም የሚለው ቃል አፏ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ትመልሰውና ነጠላውን ከሚስማሩ ላይ ታነሣለች።

የእናንተ በር ሲንኳኳስ? የሉም ልትሉ ነው?