ከእግሯ ሥር የተቀረጸው ስም

በጃፓን አገር አንድ የዝሆን ጥርስ ቀራጭ ነበር። በዚያ ዘመን ልብሳቸው ኪስ የለውም። ሰው የትምባሆ ቦርሳውን በገመድ ከመቀነቱ ያንጠለጥላል፤ ገመዱ እንዳያመልጥም ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቅርጽ ያስራል። ሰውየው እነዚህን ቅርጾች ይሠራል። ታናሽ ወንድሙ ኪቺዞም አብሮት ይሠራል። ታዲያ ከዚያ ቤት በሚወጣ ሥራ ሁሉ ላይ የሚቀረጸው የታላቁ ስም ነው። የቤቱ ወግ ነው።

አንድ ጊዜ ኪቺዞ ማገዶ የተሸከመች አሮጊት ቀረጸ። ስንት ወር ለፋባት! ታላቁ ከእግሯ ሥር ስሙን ቀረጸና ለነጋዴ አሳያት።

ነጋዴው አገላብጦ አየና «የማን እጅ ነው?» አለ።

«የኔ።»

«ወንድምህስ?»

«እሱ ማለስለስ ብቻ ነው ሥራው።»

«ትንሿ ጣቷ ለምን ጎበጠች?»

ታላቁ ጣቷን ልብ ብሎ አላያትም። «ለማማር ነው» አለ። ኪቺዞ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ምነው አንድ ቃል በተናገረ! አንገቱን ደፋ።

ኪቺዞ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ያቺ ቅርጽ የገመድ ቀዳዳዋ ተሰንጥቆ ለጥገና መጣች። ሰውየው ያን ጊዜ ጣቷን አየ። እንጨት ስትፈልጥ ተሰብራ፣ ጎብጣ የቀረች የእናታቸው ጣት ናት። ወንድሙ የቀረጸው እናታቸውን ነበር። እሱ ግን አላወቃትም። የገዛ እናቱን አላወቃትም!

ስሙን ሊፍቅ መሞረጃውን አነሳ። ስሙ ግን ጠልቋል፤ ከተፋቀ እግሯ አብሮ ይሄዳል፣ መቆም አትችልም። መቃብሩ ዘንድ ሄዶ «ኪቺዞ፣ ያንተ ናት» አለ። ማን ሰማው?

ወገኖቼ፣ የእናንተ ስም በማን ሥራ ላይ ነው ያለው? «ልጆቼን አሳድጌ» የምትሉ አባቶች፣ ማን ናት ያሳደገቻቸው? መሥሪያ ቤት የተጨበጨበላችሁስ በማን ልፋት ነው? «ወጉ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለዚያም ሰው ወጉ ነበር።

እኔም አለሁበት። ይህን ምሳሌ ባለፈው ወር ሌላ አጥቢያ ተናግሬው ሰዉ አለቀሰ። «ፓስተር፣ ከየት ያገኙታል?» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ «ጌታ ይሰጣል» አልኩ። የነገረችኝ ባለቤቴ ትርሲት ናት። አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እሷም አንገቷን ደፋች። ዛሬ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

ትርሲት፣ ያንቺ ነው። ይቅር በዪኝ።

እናንተስ? የእናንተው ሰው ገና ይሰማል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ንገሩት።