ተራውን የለቀቀው እንደራሴ

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ አገር ምክር ቤት ወንበር የነበረው፣ ጾም የማይሽር፣ ሰው ፊት ቆሞ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ እንደራሴ ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው እናንተስ ብታገኙት አትመርጡትም ነበር?

ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከመረጡት ሰዎች አንዷ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል አሮጊት፣ ወደ ቤቱ መጣች። ልጇ ስሜነህ ከሦስት ዓመት በፊት ከሥራ ቦታው በመንግሥት መኪና ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ “አለ” ያላት የለም፤ “ሞቷል” ያላትም የለም።

“ይቀመጡ እማማ” አላት።

“መቀመጡንስ ሦስት ዓመት ተቀመጥሁ” አለችው።

ከመቀነቷ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣች። “ይኸው ማመልከቻዬን የተቀበሉበት። የልጄን መዝገብ አሳዩኝ ብዬ ነው የጠየቅሁት። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ ይላል ሕጋችሁ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናንተ ደግሞ ሕጉን ልትለውጡት ነው አሉ።”

እውነቷን ነበር። ለምክር ቤቱ የቀረበው ማሻሻያ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ሳይናገር መረጃ እንዲከለክል የሚፈቅድ ነበር። ከዚያ በፊት ቀርበው መልስ ያላገኙ ጥያቄዎችም ሁሉ እንዲዘጉ ያዝዛል።

“እኔ ፍረዱልኝ አላልሁም” አለች። “የደብራችን ቄስ መምሬ እንግዳ በየቅዳሴው ይጠይቁኛል። ‘ልጅሽን በሕይወት ካሉት ጋር ልጥራው ወይስ ካረፉት ጋር?’ ይሉኛል። ካረፉት ጋር ይጥሩት ብል በቁሙ የቀበርሁት እኔ እሆናለሁ። ካሉት ጋር ብል፣ ሞቶ እንደሆነስ? ያለ ፍትሐት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ይዝለሉት አልኋቸው። ልጄ በየትኛውም ወገን አይጠራም።”

ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። “በጉባኤው ፊት ስሙን ጠርቼ እናገራለሁ” አላት።

ማል አላለችውም። አመነችው።

ቀኑም ደረሰ። አዳራሹ ጦፈ። አንዱ ተነሥቶ፣ “መረጃ በሚል ስም ጠላት ጓዳችን ድረስ ሊገባ ነው!” አለ።

“የትኛው ጠላት? የመሬቱን ካርታ የሚጠይቀው ገበሬ?” አለው ሌላው።

“እኔ ያልሁት ጥንቃቄ ነው!”

“ጥንቃቄውስ ከማን ነው፣ ክቡርነትዎ? ከመራጭዎ?”

ሳቅ ሆነ። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ። ሰዓቱ ተጣብቦ ነበርና የቀረው አንድ ተናጋሪ ብቻ ነበር። የዚያን እንደራሴ ስም ጠሩ።

ቆመ። በእጁ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዟል፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ “ስሜነህ” የሚል ስም አለ። ይህን ጊዜ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋሽ በዛብህ እጃቸውን አነሡ። ከምክር ቤቱ አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ እርሱንም በልጅነቱ ያስተማሩት ሰው ናቸው።

“ወንድሜ ከፈቀደልኝ፣ አንዲት ቃል ብቻ” አሉ።

ወገኖቼ፣ መምህራችሁ ቆመው እየለመኗችሁ እናንተ ትናገራላችሁን? እንዲህ ነውን ያደጋችሁት?

“ለጋሽ በዛብህ ለቅቄያለሁ፤ እኔ ከእርሳቸው በኋላ” አለና ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ አመሰገነው።

ሽማግሌውም፣ “ተባረክ ልጄ” አሉ። “ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ብዙ ተባለ፣ ሐሳቡም ተሟጧል። ውይይቱ ተዘግቶ ወደ ድምፅ እንለፍ።” ሐሳባቸው ወዲያው ድጋፍ አገኘ። በዚያ ቤት ደንብ ውይይት ከተዘጋ በኋላ ማንም አይናገርም።

“ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ እኮ…”

“ተራዎን ለቅቀዋል፣ ክቡርነትዎ።”

“የሚደግፉ?” የእጅ ብዛት አዳራሹን ሞላው። “የሚቃወሙ?” ዐሥራ አንድ እጅ ተነሣ። የእርሱም እጅ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለ። ጋሽ በዛብህ ግን ዞረው ፈገግ አሉለት። እጁ ተመለሰ። “ድምፀ ተአቅቦ?” ሲባል ያን ጊዜ አነሣው። አንድ ብቻ ተብሎ ተመዘገበ።

ወደ ወረዳው ሲመለስ በደጁ ተቀምጣ አገኛት።

“ስሙን ጠራኸው?”

“ውይይቱ ተዘጋብኝ፣ እማማ። ተራዬን ለትልቅ ሰው ለቅቄ…”

“ትልቅ ሰው ማክበርህስ ደግ። እኔ ትልቅ ሰው አልነበርሁም?”

ሰውዬው አለቀሰ። “ተው” አለችው። “እኔ እንኳ ለቅሶ አልተቀመጥሁም። መቀመጥ ይገባኝ እንደሆነም አላውቅ።”

በሠላሳኛው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ ወረቀቷን ሳይነካው፣ “ይህ ተዘግቷል እማማ፤ አይድከሙ” አላት።

ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት ማን በደላት? ማሻሻያውን የደገፉት በደሏት፤ እነርሱ ግን ቃል አልገቡላትም ነበር። ቃል የገባላት ደጉ ሰው ነው። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ከደጁ አትደርስም፤ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። ደግነቱን አምና የቀሯትን ሰባት ቀን በእርሱ ላይ ጨረሰችው።

“እኛ ምክር ቤት አልገባንም” ትሉ ይሆናል። እድር የላችሁም? ማኅበር የላችሁም? አምና በዚሁ ደብር፣ በሰበካ ጉባኤያችን ፊት አንዲት ምእመን ቆማ፣ “ከምኖርበት የደብሩ ቤት እንድነሣ የወሰናችሁበትን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ፤ ምክንያቱን በዓይኔ ልየው” አላለችምን? አንድ የተከበረ ሰው ተነሥቶ፣ “ይህ በቂ ነው፤ በጸሎት እንዝጋ” አለ። ጸለይን። “አሜን” ያልነው ሁላችን ነን። ያች ሴት ምን እንደጠየቀች የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም።

መጽናኛ ጨምሬ ላሰናብታችሁ ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ። ሕጉ እስከ ዛሬ እንደተለወጠ ነው። የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤም እስከ ዛሬ ተቆልፎበታል።

ያች ምእመን በሴቶች መቆሚያ፣ በሦስተኛው ዓምድ አጠገብ ነበር የምትቆመው። እስቲ ወደዚያ ተመልከቱ። ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ከእናንተ መካከል፣ “ወዴት ሄደች?” ብሎ የጠየቀ አለ?