የቁም ቃሬዛ

ወደ ቀጨሞ አምባ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ተሳላሚ ቤተ ክርስቲያኑ ከማዶ የሚታይበትን አፋፍ ሲወጣ ቃሬዛ ሜዳ የሚባል ለጥ ያለ መሬት ያገኛል። ለየካቲት ንግሥ የሚመጣ ማኅበር ሁሉ እዚህ አረፍ ይልና ከመካከሉ አንዱን፣ ያውም በእግሩ መሄድ የማያቅተውን ደኅና ሰው፣ በምርኩዝና በጋቢ ባበጀው ቃሬዛ ላይ አጋድሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሸከመዋል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ባርኔጣውን አንሥቶ «ነፍስ ይማር» ቢል፣ ሬሳ የመሰለው ሰውዬ ቀና ብሎ «ያንተንም» ያለበት ጊዜ እንደ ነበር ይወራል። ነገሩ ለሰሚው ሟርት ይመስላል። ከምን እንደ መጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን ሲጠየቁ ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ ይሉና የሁለት ሴቶችን ነገር ያነሣሉ።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን፣ በቅሎ እንኳ የጌታ ሰው ብቻ መቀመጫ በነበረበት ጊዜ፣ ከአባይ ማዶ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ ቀጨሞ አምባን ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ተመኘች ሳይሆንላት ቀርታ፣ ነፍሷ ሊወጣ ሲል «አደራሽን፣ እኔን ሆነሽ ደጇን ተሳለሚልኝ» ብላት ሞተች። አደራ መቼም ከባድ ነው፤ የሟች ሲሆን ደግሞ መልሼልሻለሁ የሚሉት ሰው የለም። እንጉዳይ ከዚያ ወዲህ ተሳላሚ ባየች ቁጥር ልቧ እየተነሣ፣ ዛሬ ነገ ስትል ባል መጣ፣ ባል ሞተ፤ በመጨረሻ ቤቷን ለወንድሟ ትታ ከመንገደኞች ጋር ወጣች።

የመንገደኞቹ መሪ ቄስ ልሳኑ ይባሉ ነበር። በእሳቸው ሥርዓት ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይማማላል፤ የጥንዶች ስንቅ አንድ ነው፣ አንዱም ያለ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ አይረግጥም። ሁሉም የወደደውን ሲይዝ ትርንጎ ብቻዋን ተረፈች። ትርንጎ ጠና ያለች፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ ሴት ነበረችና ሰው ሁሉ ሲሸሻት ለእንጉዳይ ደረሰቻት። መንገዱን ሙሉ ስትነዘንዛት ከረመች፤ በሶው ቢቀጥን ውኃ አጠጣሽኝ፣ ቢወፍር አነቅሽኝ ነው፤ ብትፈጥን «የማን ቅልብ በቅሎ ነሽ?» ብትዘገይ «ከእኔ ከአሮጊቷ ታንሺ?» ትላታለች። እንጉዳይ ደጇን እስክስም ነው እያለች በሆዷ ቻለቻት።

ይህን አፋፍ የወጡ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ ማዶ ቁልጭ ብሎ ታያቸው፤ የዋዜማው ከበሮም ይሰማ ነበር። እንጉዳይ እናቷን እያሰበች ስታለቅስ ሳለ ትርንጎ አንድ ድንጋይ ከድቷት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ ተፈልጎ መጣ፤ አሸ፣ አሰረ፣ ኋላም ራሱን ነቀነቀ። ቄስ ልሳኑ ቃሬዛ ይበጅ አሉ።

«በሰው ትከሻ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሬሳ ነው» አለች ትርንጎ። «እኔ በእግሬ ልደርስ ነው የተሳልኩት። እናንተ ሂዱ።»

ለእንጉዳይም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ልክ መሰላት፤ ሰውን በቁሙ እንዲህ አጋድሞ ወደ ደጀ ሰላም መውሰድ ሞትን በስሙ መጥራት ነው ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ስለዚህ የተከራከረ አልነበረም። ቄሱ ለእንጉዳይ አዝነው «ከመሐላው ልፍታሽና ተሳልመሽ ነይ» አሏት። እንጉዳይ ዞር ብላ ብታያት፣ ለሁሉ መልስ የማታጣው ትርንጎ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራለች። «ሲሻላት አብረን እንሄዳለን» አለች እንጉዳይ።

አልተሻላትም። ጓደኞቻቸው ተሳልመው ሲመለሱ የተረፋቸውን ስንቅ ሰጥተው፣ አልቅሰው ተሰናበቱ። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ለአካባቢው ሰው ጥጥ እየፈተሉ ሲኖሩ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። እንጉዳይ ጠዋት ጠዋት ከአፋፉ ቆማ ቤተ ክርስቲያኑን ታያለች። የቀራት አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ነበር። «ምን ይገትርሻል? እኔን እንደ ታሰረ በሬ ልትጠብቂ ነው? ሂጂ ወዲያ» ትላታለች ትርንጎ። ትሄዳለችም፤ ወንዙ ስትደርስ ግን ውኃ ማን ያቀብላታል ትልና ትመለሳለች። የቃሬዛውን ነገር አንድ ጊዜ ብታነሣባት ትርንጎ እህል አልቀምስም ብላ ስለ ሰነበተች፣ ደግማ አላነሣችውም። ያቺን ነዝናዛ ከመቼ ወዲህ እታለም ማለት እንደ ጀመረች እሷም አታውቀውም ይባላል።

ከዓመታት በኋላ በንግሡ ዋዜማ ጠዋት፣ ከበሮው ሲጀምር፣ ትርንጎ ጠራቻት። ከስታ አጥንቷ ቀርቶ ነበር።

«እስኪ ይሸከሙኝ» አለቻት። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ እኔም ደጇ እንደ ናፈቀኝ ነው የኖርኩት። አንቺንም አስቀረሁሽ።»

እንጉዳይ ነጠላዋን ሳታነሣ ከምንጩ ዳር ወዳረፉ መንገደኞች ሮጠች። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ጓዛቸውን ጥለው፣ ምርኩዛቸውን አጋጥመው ተከተሏት። ጎጆው ሲደርሱ ትርንጎ አልፋለች።

የመጣውን ቃሬዛ ለቀብር አደረጉት። ቁልቁለቱ ላይ የአንዱ እግር ተንሸራቶ ቃሬዛው ሲዘነበል እንጉዳይ በልማዷ ስድቡን ጠበቀች። ስድብ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው ጮኻ ያለቀሰችው። ዳገቱን ሲወጡ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሊያጽናናት ብሎ «ምንም አትከብድም እኮ» ቢላት፣ «አዎ፣ በቁሟም አትከብድም ነበር» አለችው። ደጃፉንም እጇን በቃሬዛው ላይ አድርጋ ረገጠች፤ የእናቷን አደራ አደረሰች፤ ስትመኘው የኖረችው ደስታ ግን በዚያ አልነበረም።

ከቀብር በኋላ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። በየዓመቱ ከአፋፉ ላይ እየቆመች የሚመጣውን ማኅበር «የደከመው ማነው? ተሸከሙት» ትል ጀመር። ደከመኝ የሚል ስታጣ «እንግዲያው ያልደከመውን ተሸከሙት፤ ሰው በሰው ትከሻ መግባትን በቁሙ ይልመደው» ትላለች። ሟርተኛ ያሏት ብዙ ናቸው። አንድ ዓመት ግን ንዝነዛዋ የሰለቻቸው መንገደኞች ከመካከላቸው አንዷን እየሳቁ ተሸክመው ቢገቡ፣ ሴትዮዋም በደኅና ተሳልማ በእግሯ ብትመለስ፣ ነገሩ በዚያው ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ቃሬዛው ላይ የተጋደመ ሰው ተሸካሚዎቹን መነዝነዝ አለበት። «ቀስ በሉ እንጂ፣ ምን ያደናብራችኋል፣ እህል አልበላችሁም?» እያለ ይሳደባል፤ እነሱም ይሁን ብለው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ግን የተሸከሙት ሰው በድካም እንቅልፍ ሸለብ ያደርገውና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ቁልቁለትም ቢሆን ተሸካሚዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ከማኅበሩ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ጠጋ ብላ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ትገልጥና «ተናገር እንጂ» ትለዋለች። ድምፁ እስኪሰማ ድረስም እግሩን የሚያነሣ የለም።