አህዪትና የጠፋችው «ን»

አንድ ጊዜ፣ ጎሽ ውኃ በሚባል ሸለቆ፣ እንግሊዝኛ የመማር አባዜ ገባና አራዊቱን ሁሉ እንቅልፍ ነሳ። አባዜውን ያመጣው ቀበሮ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ማሽን ካላቸው ጌቶች ግቢ ከርሞ ሲመለስ አረማመዱ ተለውጧል፣ ሰላምታውም «ሃሎ» ሆኗል። ወይራው ሥር ተደላድሎ ተቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ቲቸር በሉኝ» አለ። አሉት። ምን ያድርጉ? ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ የለ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀድማ የምትመጣው አህዪት ነበረች። ለምን አትመጣ! ዕድሜ ልኳን ስሟ ስድብ ሆኖ ኖሯል። በጎሽ ውኃ አንዱ ሌላውን ሲያንቋሽሽ «አንተ አህያ» ይላል፤ እሷም እዚያው ቆማ ትሰማለች። ስለዚህ ቀበሮ የሚናገራትን እያንዳንዷን ቃል ለቅማ ያዘች። ዶንኪ አህያ ነው፣ ካርት ጋሪ፣ ፑል መጎተት፣ ፊድ መመገብ። ሣር ስትግጥ እንኳ ከንፈሯ ቃል ሲያጠና ይታይ ነበር። ሌሎቹ ሲጠፋባቸው «እስቲ እመት አህዪትን ጠይቁ» ማለት ጀመሩ። ይቺን ስትሰማ ደስታዋ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን ግን የከበዳትን ነገር ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ቃሉንስ ይዘናል። ሲገጣጠም እንዴት ነው? እኛ ‹ጅብ አህያን በላ› ስንል፣ ማን እንደበላ ማን እንደተበላ ‹ን›ዋ ትነግረናለች። የእንግሊዝኛዋ ‹ን› የታለች?»

«ምሳሌዋን ወድጃታለሁ» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ድገሚያት እስቲ።»

ቀበሮ ሳቀና ጅራቱን አራገፈ። «እንግሊዝኛ ‹ን› የሚባል ጣጣ የለበትም! ሰዋስው ጊዜ መፍጀት ነው። እናንተ ቃል ቃሉን ያዙ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት።»

መልሱን ያውቀው ነበር እኮ። ግን የሚያውቁትን ሁሉ ማስተማር ምን ይጠቅመዋል?

ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ትምህርት ለምን እንደተከፈተ ታየ። አንበሳ አራዊቱን ለስብሰባ ጠራ፤ ቀበሮም የማዶዎቹን መልእክት ይዞ መሃል ገባ።

«ጌታችን፣ የማዶዎቹ ማሽኖች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በናፍጣ ነው። ናፍጣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያ የሚያስለን ጥቁር ጭስ የእሱ ነው። ምድጃቸው ደግሞ የደናችንን ግንድ እየበላ ነው። አሁን ግን ሥልጡን መላ መጥቷል! ከጉሎ ፍሬ ዘይት ይጨመቃል፣ ማሽኑም መብራቱም በዚያ ይሠራል። ባዮፊዩል ይባላል።»

«ፉል?» ጅቦ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ፉል ነው ያልከው? ቃሪያ አለው? ዳቦውስ?»

«ፊዩል!»

«እኮ ፉል! እኔ ተስማምቻለሁ። ማን ነው የሚቃወም?»

ቀበሮ ሊያርመው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የተስማማን ማረም ምን ያደርግለታል? ወደ አንበሳ ዞረ። «ከእኛ የሚፈለገው ጨፌውን ለጉሎ መስጠት ብቻ ነው። ውላቸውም አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ አኒማልስ ፊድ ማሽንስ።»

አህዪት ጨፌው ሲባል ጆሮዋን አቆመች። እርጉዝ ናት። የምትወልደው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ በጎሽ ውኃ ሣር የሚገኘው ጨፌው ላይ ብቻ ነው። ምንጩም እዚያው ነው። ጨፌው ከሄደ ጡቷ ወተት ከየት ያመጣል?

«እመት አህዪት» አለ አንበሳ፣ «ከሁሉ ጎበዟ አንቺ ነሽ ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እንዲህ ሆነው አይተዋት አያውቁም። ቃሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፦ እንስሳት፣ መመገብ፣ ማሽኖች። ያስቸገረቻት ያቺው «ን» ናት። የት ትግባ? እንስሳት ማሽንን ይመግባሉ እንዳይባል፣ ማሽን አፍ አለው እንዴ? የማይሆን ነገር ነው። እንግዲያ «ን»ዋ የምትገባው እንስሳት ላይ ነው። ነገሩ ሲገባት ፊቷ በራ።

«እንስሳትን ማሽኖች ይመግባሉ ማለት ነው!» አለች። «ጨፌውን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱም በበጋ ይመግቡናል!»

«እሰይ የእኛ ምሁር!» ተባለ። ሸለቆው በጩኸት ተናጋ። አህዪት ወደ ቀበሮ ዞራ «ቲቸር፣ ልክ ነኝ አይደል?» አለችው። እሱም ጆሮውን እየፎከተ «ያንቺን ጉብዝና እኔ ምን ብዬ ላርመው» አለ። አንበሳም ጨፌውን ፈቀደ።

እውነቱን መሸሸግ አይገባምና፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደግ ደጉን ይዞ ነበር የመጣው። የአንበሳ ዋሻ በጉሎ ዘይት ኩራዝ ደመቀ፤ እንደ ማገዶው ዓይን የሚያቃጥል ጭስ የለውም። በሸለቆው የሚያልፈው ማሽን ሲሄድ የሚያስለው አውሬ አነሰ። ማዶዎቹ ግንድ መቁረጥ ተዉ፣ ደኑም እፎይ አለ። ከሁሉ ከሁሉ የተጠቀመችው አህዪት ናት። ያን ግንድ በጀርባዋ የምታጓጉዘው እሷ ነበረች፤ ሸክሙ ሲቀር ቁስሏ ደርቆ ጸጉር አበቀለ። «አላልኳችሁም!» እያለች ጀርባዋን ታሳያቸው ነበር።

ጉሎው ግን ጨፌውን ሞልቶ አላቆመም። ጥላው ሥር ሣር ጠፋ። የምንጩ ውኃ በቦይ ተጠልፎ ወደ ጉሎው ሄደ፣ የመጠጫው ጉድጓድ ጭቃ ሆነ። ማዶዎቹም ምርቱ ሲያማልላቸው ከጨፌው በላይ ያለውን ቁጥቋጦ መነጠሩና እሱንም ጉሎ አለበሱት። ግንድ መቁረጥ የቀረለት ደን በሌላ በኩል ከጥጉ መበላት ጀመረ።

በጋው ገባ። ማሽኑ በመጣ ቁጥር አራዊቱ በሰልፍ ይጠብቁታል። ይመግበናል ብለው ነዋ! ማሽኑ መጥቶ የጉሎውን ከረጢት ይጭናል፣ ጋቢና የተቀመጠው ቀበሮ እጁን ያውለበልባል፣ ይሄዳሉ። አራዊቱ አቧራውን ይዘው ይቀራሉ።

«እመት አህዪት፣ መቼ ነው የሚመግቡን?» ይሏታል።

«ዛሬ ረስተው ይሆናል» ትላለች። «ውል እኮ ነው፣ ያመጣሉ።» ሆዷ ግን እየገፋ፣ ጎኗ እየጎደጎደ ሄደ። ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ ይሰማት የነበረው እግር ደከም ማለቱን ለማንም አልተናገረችም።

አያ ጅቦስ መጠበቅ አልፈጠረበትም። ከማሽኑ ላይ አንድ ከረጢት ጎትቶ «ፉሌን ራሴ እበላለሁ!» ብሎ የጉሎውን ፍሬ በአፉ ሙሉ ቃመ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ባናወራው ይሻላል። ከጫካ ወደ ጫካ ሲሮጥ ዋለ፣ ሊሞትም ምንም አልቀረውም። ከቁጥቋጦው ውስጥ «ይሄ ፉል… ተበላሽቷል!» እያለ ሲያቃስት ተሰማ።

አንድ ቀን ማሽኑ ስለተበላሸ ከረጢቶቹን አህዪት በጋሪ እንድታደርስ ታዘዘች። ነጂው ከማዶ የመጣ ዝንጀሮ ነበር፤ ቋንቋውን ከልጅነቱ ይናገረዋል፣ ተንኮል የለበትም፣ ወሬ ግን ይወዳል። ዳገቱ ላይ ስታለከልክ ሊያበረታታት ብሎ ጮኸ።

«ዶንኪ ፑልስ ካርት! በርቺ! ዶንኪ ፑልስ ካርት!»

አህዪት ሳታስበው እንደ ልማዷ ተረጎመችው። ዶንኪ፣ ፑል፣ ካርት። «አህያን ጋሪ ይጎትታል።» ድክም ባለ ልቧ እንኳ ሳቅ መጣባት። ጋሪ አህያን ጎትቶ ያውቃል? የምጎትተው እኔ ነኝ!

ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ዝንጀሮ።

«ጋሪው እኔን ይጎትታል ማለት ብትፈልግ ምን ትል ነበር?»

«ካርት ፑልስ ዶንኪ ነዋ።»

«ቃሎቹ ያው ናቸው እኮ!»

«ቦታቸው ተለወጠ» አለ ዝንጀሮ፣ ይሄም ጥያቄ ነው ብሎ እየተገረመ። «ፊት የቆመው ያደርጋል፣ ኋላ ያለው ይደረግበታል። አንቺ ከጋሪው ፊት ቆመሽ የለ?»

አህዪት ወደ ኋላ ዞራ ጋሪውን አየችው። ጋሪው ሙሉ ነው። የእሷ ጎን ባዶ ነው። «አኒማልስ ፊድ ማሽንስ» አለች ቀስ ብላ። ፊት የቆሙት እንስሳት ናቸው። ማሽን አፍ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ጨፌዬን፣ ምንጬን፣ የልጄን ወተት በላ። «ን»ዋን ያለ ቦታዋ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ዕንባዋ በጉንጯ ወረደ፣ ዝንጀሮም ዳገቱ ይሆናል ብሎ ወርዶ ጋሪውን ገፋላት።

ስብሰባ ይጠራልኝ አለች። መሃልም ገባች። ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችውን ያንኑ ስም ነው።

«ጌታችን፣ የተረጎምኩት ተሳስቼ ነው። የእንግሊዝኛ ‹ን› ቦታ ናት። ፊት ያለው መጋቢ ነው፣ ኋላ ያለው ተመጋቢ። ዓረፍተ ነገሯ ‹እንስሳት ማሽኖችን ይመግባሉ› ነው የምትለው። ይኸው እየመገብናቸው ነው።»

ከኋላ አንዱ «አህያ!» አለ። ሰምታ አንገቷን ደፋች፣ ግን አልሄደችም።

ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሣ። «እኔ ምን አጠፋሁ? አንዲት ፊደል ሳላጎድል ነግሬያችኋለሁ። የተረጎመችው እሷ ናት።»

«እውነት ነው፣ እኔ ነኝ» አለች። «ያወቅኩ ስለመሰለኝ ደግሜ ሳልጠይቅ ቀረሁ። አንተ ግን ስሳሳት እያየህ ዝም አልክ።» ቲቸሯን «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «‹ን› የለም ብለህ የሸኘኸኝ፣ ለጋቢናህ ስትል ነው።»

አንበሳ አገሳ። «ጉሎ የሚባል ነገር በሸለቆዬ እንዳላይ! ንቀሉ! አቃጥሉ!»

«እሰይ!» አለ ጅቦ ከተኛበት። «በተለይ አቃጥሉት!»

«ጌታችን፣ ይቆዩ» አለች አህዪት። «ኩራዝዎ የሚበራው በምንድን ነው? የእኔ ጀርባ የዳነውስ? ጉሎው ክፉ አይደለም፤ የቆመበት ቦታ ነው ክፉ። ከጨፌው ይውጣና አጥር ላይ፣ ድንጋያማው ተረተር ላይ፣ ጎርፍ በሚበላው ቦረቦር ዳር ይተከል። እዚያ ሣር አይሻማም፣ አፈሩንም ይይዛል። ምንጩ ለእኛ ይመለስ። ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለአፍ መርዝ ነው፣ ለመሬት ግን ምግብ ነው፤ ማሽኖቹ እሱን አምጥተው ጨፌው ላይ ይበትኑ። ዘይቱ ያንስ ይሆናል። ይነስ። ፊት እኛ እንቁም፣ ማሽኑ ከኋላ ይምጣ።»

«በእንግሊዝኛው ምን ሊባል ነው?» አለ አንበሳ።

አህዪት ለመመለስ አፏን ከፈተችና ተወችው። ዝንጀሮውን ጠርታ ሁሉም እየሰማ ጠየቀችው፤ ደግማም ጠየቀችው። «ማሽንስ ፊድ አኒማልስ» አላት። ማዶዎቹም ከጨርሶ መቅረት ማነስ ይሻላል ብለው ተስማሙ። መልእክቱን ያደረሰው ቀበሮ ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም ጋቢና ሳይሆን ከኋላ፣ ከከረጢቱ ላይ ተቀምጦ።

ጨፌ ግን በአንድ ቃል ጠፍቶ በአንድ ቃል አይመለስም። አህዪት የወለደችው ሣሩ ሳይበቅል ነበር። ውርንጭላዋ ቀጭን ሆኖ ተወለደ፣ ለመቆም ሲሞክር ብዙ ጊዜ ወደቀ፤ ጎረቤቱ ከየጓሮው ጭብጥ ጭብጥ እያመጣ ባያጎርሳት ኖሮ ወተቷ ባልወረደ። ሣር ካመጡላት መካከል ያን ቀን «አህያ!» ያለው አንዱ ነው። ጭብጡን አስቀምጦላት ሄደ።

ዝናቡ ሲጥል ጨፌው ዳር ዳሩን አረንጓዴ አወጣ። አህዪት ልጇን ወደዚያ ወሰደችው። ማሽን ከሩቅ ሲያጓራ ውርንጭላው ጆሮውን አቁሞ «እማዬ፣ ያ ምንድን ነው? ደግ ነው ክፉ?» አላት።

«እሱን አላውቅም ልጄ» አለችው። «መጀመሪያ ማን ፊት እንደቆመ እንይ።»

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ መላ የቱንም ያህል መልካም ቢመስል፣ ማን መጋቢ ማን ተመጋቢ እንደሚሆን በደንብ ሳይገባን «ገብቶናል» ብለን እሺ ካልን፣ ሊጠቅመን የመጣው ነገር ራሱ እኛኑ እንደሚበላን ነው።