ሞተሩ ሲፈላ ዝም ያለው

አፉ ለከት የለውም እየተባለ የሚታማ አንድ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ደርበው እንፋሎት የሚተፋ መኪናቸውን አስጎትተው ጋራዡ ደረሱ። ሾፌራቸው መንገድ ላይ «ጌታዬ፣ ሞተሩ እየፈላ ነው፤ ይሸተኛል» ቢላቸው፣ «የሙቀት ጌጁ ቀዝቃዛ ነው እያለ አንተ ማን ነህ? ዝም ብለህ ንዳ» ብለውት ነበር።

አሁን ግን መካኒኩን «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ብለህ ጻፍልኝና ላባርረው» አሉት። «አለዚያ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁለተኛ እዚህ ደጅ አይቆምም።»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የሞተሩን ሙቀት ከሚለካው ሴንሰር ላይ ሽቦውን ነቅሎ ብረት አስነካው። የጌጁ መርፌ ዘሎ ቀዩ ላይ ወጣ።

«ጌጁ ደህና ነው፤ የነገሩትን ያሳያል» አለ። «ዝም ያለው ከሥር ያለው ሴንሰር ነው። እየተቃጠለ እንኳ አይናገርም።»

«ለምንድን ነው የማይናገረው?»

«ሴንሰሩ ከእርስዎ ጋር ስንት ዓመት አገለገለ?»

«ስምንት ዓመት።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይኸው ነዋ፤ እርስዎ ዘንድ መናገር እንደማያዋጣ ገብቶታል። ሾፌሩ ግን አዲስ ቅጥር ሳይሆን አይቀርም።»